ቡናው አንደኛ፣ አዳራሹ ኢኮ ቻምበር

ሰላም ሰዎች። ጅማ ስንመጣ የት ቡና እንጠጣ እያላችሁ ኢንቦክስ ለምታጨናንቁኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ቡናውን ላመሰግን ጀምሬ ስለ ጓሮው አዳራሽ የማወራው ነገር አለኝ፣ የቤቱ ባለቤት እትዬም ሰው ናት ትቀየመኛለች፣ እኔም ነገ ጠዋት ተመልሼ የምቀመጠው እዛችው በረንዳ ላይ ነው። ፍንጭ ብቻ ልስጣችሁ፣ ከፈረንጅ አራዳ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፣ ሰማያዊ በር አላት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ በባጃጅ ካለፋችሁ ቡና ሲቆላ ጭሱ መንገድ አቋርጦ ይቀበላችኋል፣ ሹፌሩ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል።

ደሞ ቀድሜ ልናገር፣ እኔ የምግብ ባለሙያ ምናምን አይደለሁም፣ ሞንታርቦ ነው የማከራየው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የመንዙማ ፕሮግራም፣ ሱቅ ሲከፈት፣ ሰው ተሰብስቦ ድምፅ የሚፈልግበት ቦታ ሁሉ ሚክሰሬንና ኬብሌን ይዤ አለሁ። ስለዚ ሌላው ሰው አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ዋጋ ያያል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። እውነቴን ነው፣ አንዴ ጧ አድርጌ ክፍሉ ምን እንደሚመልስልኝ እሰማለሁ፣ ሚስቴ አብራኝ ካለች አላውቀውም ብላ ሌላ ወንበር ትፈልጋለች።

ከበረንዳው ልጀምር። አምስት ስድስት የጅማ ባርጩማ ተደርድሯል፣ ያ ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሶስት እግሩ፣ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም። ቡናው እዛው ፊታችሁ ነው የሚቆላው። የምታፈላው ልጅ ናት፣ እትዬ አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት ከውስጥ ሆና ነው የምታዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ አረረ!» ስትል ከጓሮ ትሰማላችሁ፣ ከሽታው ነው የምታውቀው። አርሮ ግን አያውቅም። አቦሉ ወፈር ያለ ነው አፍ ላይ ይቆያል፣ ጤና አዳም ጣል ስለሚደረግበት የማትወዱ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሲኒው 25 ብር፣ ቆሎው በነጻ። እኔን የገዛኝ ግን ቶናው ነው፣ ብዙ ቤት ሁለተኛው ላይ የጀበና እጣቢ ነው የምትጠጡት፣ እዚህ ቶናው ራሱን የቻለ ቡና ነው፣ በረካውንም ሳትጠጡ አትነሱም። ከየት ነው የሚመጣልሽ ብዬ ጠይቄያት ከአጋሮ ማዶ ከወንድሟ ማሳ ነው አለችኝ። በዓል ሲሆን ደሞ ቡና ቀላ ትሰራለች፣ ፍሬው በቅቤ የሚጠበሰውን፣ እሱን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ቡና ይበላል እንዴ ይላል፣ ይበላል፣ ለዛውም ይናፈቃል።

ማኪያቶ አትዘዙ። ፉሉ ደህና ነው፣ ዳቦው ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። መጸዳጃው ንጹህ ነው፣ ውሃው በጀሪካን ነው።

አሁን ወደ ጓሮው። እትዬ ካቻምና ዲኤስቲቪ ላስገባ ብላ ከኋላ የነበረውን መጋዘን አዳራሽ አደረገችው። ሰባት በአስር ሜትር ቢሆን ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው እስከ ትከሻ ሴራሚክ ከዛ በላይ ልስን ሲሚንቶ፣ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስታወት፣ መጋረጃ የለ ምንጣፍ የለ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። ለማጽዳት ይቀላል አለችኝ፣ ልክ ናት ይቀላል። ችግሩ ሴራሚክና ሲሚንቶ ድምፅ አይጠጡም፣ ያገኙትን መልሰው ይወረውሩታል፣ ድምፅ የሚጠጣው ጨርቅ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ ልብስ የለበሰ ሰው ራሱ ይጠጣል። የመጀመሪያ ቀን ባዶውን ገብቼ ጧ ሳደርግ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላጋ መውጫ አጥቶ ቆየ፣ ወላሂ እኔ ራሴ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ።

ሰርግ ላይ ዘፋኝ ሁሉ «ኢኮ ጨምርልኝ» ይለኛል፣ ድምፁ የሳሳው በተለይ። ቁልፏን ትንሽ ስጠመዝዝለት ራሱን እንደ ትልቅ ሰው ይሰማል፣ ደረቱ ይነፋል፣ ሰርገኛው ግን ቃሉን መስማት ያቆማል። ይሄ ቁልፍ ድሮ አልነበረም። ድሮ እውነተኛ ክፍል ነበር፣ ስሙም ኢኮ ቻምበር ነው፣ አሁን አንድ ሃሳብ ብቻ የሚዞርበት ቡድን ለማለት ሁሉም ሰው አፍ ላይ የገባው ቃል ከኛ ሙያ ነው የተወሰደው (ኪራይ ግን አልከፈሉንም)። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ባዶ ክፍል ታዘጋጃለህ፣ አንድ ጥግ ስፒከር ሌላ ጥግ ማይክ ታስቀምጣለህ፣ የዘፋኙን ደረቅ ድምፅ በስፒከሩ ትለቃለህ፣ ማይኩ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላጋ የቆየውን ይቀበልና ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። በፈረንጆቹ 1947 ቺካጎ ውስጥ ቢል ፑትናም የሚባል የድምፅ ባለሙያ ለዚህ ስራ የስቱዲዮውን መጸዳጃ ቤት ነው የተጠቀመው፣ ሴራሚኩን ፈልጎ። ሆሊውድ ያለው ካፒቶል ስቱዲዮ ደሞ መሬት ውስጥ የተሰሩ የሲሚንቶ ክፍሎች አሉት፣ ጊታሪስቱ ሌስ ፖል ነው ዲዛይን ያደረጋቸው። በኋላ 1957 ላይ ኢኤምቲ የሚባል ኩባንያ ያላቸው ጀርመኖች ትልቅ የብረት ዝርግ የሚያንቀጠቅጥ ማሽን አመጡና ክፍሉን ተካው፣ ከዛ እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ አሁን እኔ ሚክሰር ላይ ጣት የምታህል ቁልፍ ነች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ክፍሉ ከራሱ አንድም ቃል አይጨምርም። የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ፣ ግን አግዝፎና አርዝሞ።

አንዳንድ ሰው ይሄን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልሰው የገደል ማሚቶ ክፍል ይላል። ያምራል፣ ግን እኔ እንደ ሙያተኛ ትንሽ ይከነክነኛል። የገደል ማሚቶ ሃቀኛ ነገር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ጆሯችን ደሞ ሁለት ድምፅ ለየብቻው ለመለየት አንድ አስረኛ ሰከንድ ያህል ክፍተት ይፈልጋል፣ ስለዚ ማሚቶ እንድትሰማ ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ልጅ ሆነን ገደል አፋፍ ላይ ቆመን የራሳችንን ስም ስንጣራ ስሙ ተመልሶ የሚመጣው እኛ ጨርሰን ዝም ካልን በኋላ ነው፣ የራሳችን ድምፅ መሆኑን እናውቃለን፣ እንስቃለን፣ ሞኝ አይታለልበትም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ መልሱ ሳትጨርስ ይደርሳል፣ ድምፅህ ላይ ይጣበቃል፣ የትኛው ያንተ የትኛው የግድግዳው እንደሆነ አይለይህም። ሙያው ላይ እሱን ሪቨርብ ነው የምንለው ኢኮ አንለውም፣ ግን ለስሙ አልጣላም። የእትዬ አዳራሽ ሁለተኛው አይነት ነው። ስታወራ ክፍሉ ሙሉ አብሮህ የሚያወራ ይመስልሃል።

በዛ ላይ ጨዋታ ያለ ቀን ሰው ሲሞላ ሌላ መዘዝ አለ። ጫጫታ ውስጥ ያለ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይሄን ነገር ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በፈረንጆቹ 1911 ላይ ስለጻፈበት በስሙ ነው የሚጠራው። አንዱ ጠረጴዛ ከፍ ሲል ሌላው እሱን ለማለፍ ከፍ ይላል፣ ግድግዳው ሁሉንም ይመልሳል፣ እንደገና ከፍ። አርሰናል ጎል ያገባ ቀን ጆሮዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት፣ የሚገርመው እኔም አርሰናል ነኝ። ጅማ አባ ጅፋር በኛ 2010 ላይ ፕሪሚየር ሊጉን በልቶ ዋንጫ ሲያመጣ ይሄ አዳራሽ ቢኖር ኖሮ ቆርቆሮው አጋሮ ድረስ ይበር ነበር።

እሺ ድምፁን ተውት። እኔን ይሄን ረጅም ጽሁፍ ያስጻፈኝ ሌላው ማስተጋባት ነው፣ ገንዘቤን የበላው።

አዳራሹ ውስጥ በሩ አጠገብ አንድ ቋሚ ጠረጴዛ አለ፣ እኛ ነን። አምስት ሰው ነን፣ ባጃጅ ያለው አለ፣ የህንጻ መሳሪያ የሚሸጥ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ አለ፣ አንዱ ምን እንደሚሰራ እስካሁን አልገባንም ግን ሁሌ አለ። ባለፈው የካቲት፣ የ2017ቱን ማለቴ ነው፣ ኒውዮርክ ገበያ ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ ፓውንዱ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላው) ከ4 ዶላር በላይ የወጣ ጊዜ፣ ጅማ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከፈረንጆቹ 1977 ወዲህ ያልታየ ዋጋ ነው ይባል ነበር፣ አለፈውም። እኔ ደሞ ከቤተሰብ የደረሰኝ 20 ፈረሱላ ጀንፈል ነበረኝ፣ ፈረሱላ ለማታውቁ 17 ኪሎ ነው፣ ጀንፈል ማለት ከነልባሱ የደረቀ ያልተፈለፈለ ቡና። ልሽጥ ልተው እያልኩ ለጠረጴዛው አማከርኩ።

ባጃጁ «አትሽጥ፣ ገና ይጨምራል» አለኝ። የህንጻ መሳሪያው «እኔም የሰማሁት እሱን ነው፣ እስከ ሰኔ እጥፍ ይሆናል» አለ። ያ ስራው የማይታወቀው ጭራሽ የሚሸጥ ሰው እብድ ነው አለ። አንድ አውጪ ሶስት ተቀባይ፣ ማጨብጨብ ነው የቀረን። በሁለተኛው ቀን የማያቸው ሰዎች ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚሉት፣ ሱቅ ስሄድ ይሄው፣ ጸጉር ስቆረጥ ይሄው፣ በቃ አገር ሁሉ የተስማማበት ነገር ነው ብዬ ጀንፈሌን ማዳበሪያውን አስሬ ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ብቻ ነበሩ የተቃወሙት። ጋሼ በረንዳው ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ስንት ዘመን ቡና ከገበሬ እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሲያቀርቡ የኖሩ። ስንጮህ ሰምተው ነው መሰለኝ በሩ ላይ ቆመው «ልጆች፣ እንዲህ ዘሎ የወጣ ዋጋ ዘሎ ይወርዳል፣ ግማሹን እንኳ ሽጥ» አሉኝ። ገና ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ባጃጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እሱ ነጋዴ አይደል እንዴ፣ በርካሽ ሊገዛህ ነው» አለኝ፣ ሁላችንም ሳቅን። በቃ። የሰውዬው ነገር እዛ ላይ ሞተ። ያሉት ነገር ትክክል ይሁን አይሁን አንዳችንም አላነሳንም፣ ማን እንደሆኑ ካወቅን በቂ ነበር።

ክረምት ላይ ኒውዮርክ ከ3 ዶላር በታች ወረደ። እዚህም ወረደ። ልጅ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ ብር ያስፈልጋል፣ በወረደው ሸጥኩት። ስንት እንደከሰርኩ አልናገርም፣ ሚስቴ ይሄን ልታነበው ትችላለች።

ከሸጥኩ በኋላ ነው ነገሩን ወደ ኋላ መፈተሽ የጀመርኩት፣ ኬብል ሲበላሽ ከጫፍ ጀምረህ እንደምትፈትሸው። ባጃጁን ከየት ሰማህ ስለው አንድ የቴሌግራም ቻናል አለኝ። የህንጻ መሳሪያው ከባጃጁ ነው የሰማው። ስራው የማይታወቀው ያንኑ ቻናል ነው የሚከታተለው። ጸጉር ቆራጩ ደሞ የሰማው ከማን መሰላችሁ፣ ከኔ! እኔ ራሴ ነኝ የነገርኩት፣ ለሌላ ደንበኛ ሲያወራ ሰምቼው «አየህ ሌላም ሰው ይላል» ያልኩት። እኔ አምስት ስድስት ምስክር አገኘሁ ብዬ ነው የተማመንኩት፣ ስቆጥረው አንድ ሰው ነው፣ እሱንም አላውቀውም፣ ስልክ ላይ ያለ ሎጎ ነው። አንድ ድምፅ ግድግዳ ሲበዛለት ጉባኤ ይመስላል።

ይሄን ለአስተማሪው ልጅ ስነግረው «ኢኮ ቻምበር ማለት እኮ ይሄ ነው» አለኝ። እኔ ቃሉን ከሱ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ሁሌ የሚጠቀምበት ለሌላ ሰው ነበር። ከመስኮቱ ስር ያሉት የማንቸስተር ልጆች ኢኮ ቻምበር ናቸው፣ የእንትን ግሩፕ ሰዎች ኢኮ ቻምበር ናቸው፣ ከኛ የተለየ ሃሳብ ያለው ሁሉ ኢኮ ቻምበር ነው። ድሮ «ጭፍን» ይባል የነበረው ስድብ ዲግሪ ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው። የኛን ጠረጴዛ ግን አንድ ቀን እንደዛ ብሎት አያውቅም። አልኩት። ሳቀና እውነትህን ነው አለኝ፣ ለዚህ ነው የምወደው።

ከዛ ቡና አዘን አስረዳኝ፣ እኔም በኔ አማርኛ ላስረዳችሁ። ሲ ቲ ንጉየን የሚባል አሜሪካ ያለ ፈላስፋ በፈረንጆቹ 2020 ላይ በጻፈው ሁለት ነገር ለይቷል፣ ሰው የሚቀላቅላቸውን። አንደኛው አረፋ ነው፣ ውስጡ ያለህ ሌላውን ድምፅ ስላልሰማህ ብቻ ነው የማታውቀው፣ ማንም አልከለከለህም፣ ጓደኞችህ ሁሉ እንዳንተ ስለሆኑ ነው፣ አንድ ሰው መጥቶ መረጃውን ቢነግርህ አረፋው ይፈነዳል። ሁለተኛው ነው ኢኮ ቻምበሩ፣ እዛ ውስጥ ሌላውን ድምፅ ትሰማዋለህ፣ በደንብ ትሰማዋለህ፣ ግን ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት እንዳይታመን ተደርጎ ነው የተሰራልህ። ሰውየው ሲናገር ጭራሽ «አላልኩህም፣ እንዲህ እንደሚል ነግሬህ ነበር» ትባላለህና እምነትህ ይጠነክራል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው የነገሩኝን ሰምቻለሁ እኮ። ጆሮዬ ደህና ነበር። «ነጋዴ አይደል እንዴ» የምትለዋ ሶስት ቃል ናት ያደነቆረችኝ።

ግን ደሞ ባጃጁን ሙሉ ለሙሉ አልፈርድበትም። ነጋዴ ገበሬን አታልሎ አያውቅም እንዴ? ደላላ ዋጋ ወረደ ብሎ አስፈራርቶ ገዝቶ ማግስቱን ሲያተርፍ ያላየ የጅማ ሰው አለ? ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም፣ መሰረት አለው። ለዚህ ነው የሚይዘው። ተጠራጣሪ መሆን ጤና ነው፣ እኛ ግን ጥርጣሬያችንን ሁሉ በረንዳው ላይ አፍስሰን ለቴሌግራሙ ቻናል አንድ ጠብታ አላስተረፍንለትም። ቻናሉ ምን ያተርፋል፣ ማን ነው ያለው፣ ቡና ይዞ ዋጋ እንዲሰቀል የሚፈልግ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ የለም።

እና መድኃኒቱ ምንድነው ስለው፣ አስተማሪው «ሰው የሚለው የተቃራኒውን ወገን አሰማቸው ነው፣ ግን እሱም እንደሚወራው አይደለም» አለኝ። በፈረንጆቹ 2018 ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ትዊተር የሚጠቀሙ አሜሪካኖችን ገንዘብ እየከፈሉ ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን ሃሳብ የሚያጋራ አካውንት እንዲከተሉ አደረጓቸው፣ ሪፐብሊካኖቹ በያዙት አቋም ጭራሽ ባሰባቸው፣ ዴሞክራቶቹ ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ደሞ ፌስቡክ ላይ ከ23 ሺህ በላይ ሰው መርጠው ከሃሳብ አቻዎቻቸው የሚመጣላቸውን ነገር ለ3 ወር በአንድ ሶስተኛ ገደማ ቀነሱባቸው፣ ውጤቱ 2023 ላይ ወጣ፣ አመለካከታቸው ላይ የሚለካ ለውጥ አላገኙም። ስለዚ ጥፋቱን ሁሉ አልጎሪዝም (ስልክህ ላይ ምን እንደምታይ የሚመርጥልህ ስሌት) ነው ብሎ መገላገልም አይቻልም ማለት ነው። የኛ ጠረጴዛ አልጎሪዝም የለውም፣ ያለው ፕላስቲክ ወንበር ነው።

እኔ ይሄን ስሰማ ወዲያው ገባኝ፣ ከስራዬ ስለሆነ። የሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ አልሰማ ሲል ጀማሪ ሳውንድ ማን የሚያደርገው ሌላ ስፒከር ፊት ለፊት መጨመር ነው። አይሰራም! ሁለተኛው ስፒከርም ያንኑ ግድግዳ ነው የሚመታው፣ ጫጫታው እጥፍ ይሆናል፣ ማይኩ ይፎጫል፣ ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይይዛሉ። መፍትሄው ግድግዳው ላይ ነው፣ ጨርቅ ትሰቅላለህ፣ ምንጣፍ ታነጥፋለህ፣ ካልሆነም ሰውን ወደ ውጪ ታወጣለህ። ሰው ላይ ጨርቅ እንዴት እንደሚሰቀል ግን አላውቅም። በረንዳ ላይ ማውጣት ግን ይቻላል፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው። በረንዳው ላይ አላፊ አግዳሚው ይገባል፣ ቅጠል ሻጯ ትገባለች፣ ጋሼ አሉ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደሞ (ጅማ ነው፣ ይወርዳል) ሁሉም ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ሰው ያስባል። ሁላችንም አንድ ላይ ከመረቀንንበት የበርጫ ቤትማ አላወራ፣ እዛ ማምሻውን ስንት ፎቅ ሰርተን ጠዋት የቤት ኪራይ እንደምንበደር የጅማ ልጅ ያውቃል።

ለእትዬ መጋረጃውን ነግሬያታለሁ። ወፍራም ጨርቅ በሶስቱ ግድግዳ፣ ጣራው ስር ኮርኒስ ወይ ሌላው ቢቀር ጆንያ ወጥረሽ፣ እኔ በነጻ እሰቅልልሻለሁ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «ልጄ፣ ሰው እዚህ ጓሮ የሚመጣው የራሱን ድምፅ ሊሰማ ነው፣ ጨርቅ ከሰቀልኩበት ወደ ማዶው ቤት ይሄድብኛል።» ሂሳብ ታውቃለች። ጨዋታ ያለ ቀን አዳራሹ ከበረንዳው በሶስት እጥፍ ይሸጣል፣ ማን ነው ገበያውን በመጋረጃ የሚሸፍን። ፌስቡክንና ቲክቶክን የሚሰሩት ሰዎች ስብሰባ ላይ እንደሷ ግልጽ ሆነው ያወሩ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

እና ነጥቤ። ቡናው ከ5 ኮከብ 5፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ። መስተንግዶው 4፣ ልጅቷ ፈጣን ናት ግን መልስ ትረሳለች፣ ትልቅ ብር ይዛችሁ አትሂዱ። አዳራሹ 1፣ እሱም ለስክሪኑ ስፋት ነው። ጨዋታ ማየት ከፈለጋችሁ ሰው ሲሞላ ግቡ፣ ባዶው ይብሳል፣ ከመሃል ተቀመጡ ጥግ አትያዙ። ለቡና ከሆነ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በረንዳው ላይ፣ በር አጠገብ ያለችውን ባርጩማ ብቻ ተዉ፣ ዝናብ ያፈስባታል። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ቦታ አታገኙም።

እኔ አሁን በረንዳው ላይ ነኝ። ባጃጁ አልፎ አልፎ ወጥቶ «ከዳኸን» ይለኛል። ዘንድሮም ከአጋሮ ትንሽ ጀንፈል መጥቶልኛል፣ ባለፈው ጋሼ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ የአምናውን ሳቅ ይቅርታ ከጠየቅኩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን ላድርገው ይላሉ?» አልኳቸው። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው፣

«ማንን ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ።

«እርስዎን ነው መጀመሪያ።»

«እንግዲያው ሌላም ጠይቅ፣ እኔ ገዢ ነኝ።»